ያልጠበቃችሁት ውርርድ ሲመጣ፦ የአንድ ለአንድ ፖከር ዝርዝር መመሪያ

ጋሼ 3 የለስላሳ ቆርኪ ወደ መሃል ገፋ አደረጉ። መሃል ላይ 10 ነበር። ቀድሜ ሬይዝ ያደረግኩት፣ ማለትም ውርርዱን ከፍ ያደረግኩት፣ እኔ ነኝ፤ እጄ ላይ አስ እና ኩዊን አለ። እሳቸው ዝም ብለው ተራውን ያሳልፉልኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አላሳለፉልኝም። ግራ ገባኝና ካርታዬን ጣልኩ።

«ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «የመጣው እኮ ቆርኪ ነው። ካርታሽ እንደሆነ አልተለወጠም።»

ጋሼ ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ። እሁድ ከሰዓት፣ የሐዋሳ ሙቀት በረድ ሲል፣ በረንዳቸው ላይ ቡና ይፈላል፤ ካርታም ይወጣል። ገንዘብ አናስይዝም። ቁማር ትዳራቸውን ያፈረሰባቸውን ሰዎች ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምንጫወተው በቆርኪ ነው። ዳማ ለመጫወት ቆርኪ ያልለቀመ ማን አለ? የለስላሳው አንድ፣ የቢራው አምስት ሆኖ ይቆጠራል። እያንዳንዳችን 50 የለስላሳ እና 30 የቢራ ይዘን እንጀምራለን፤ ድምሩ 200 ነው። እናንተም ብትጫወቱ በዚህ መልኩ እንድትጫወቱ አጥብቄ እመክራለሁ። የጨዋታው ጣዕም ያለው ማሰቡ ላይ ነው፤ ለማሰብ ደግሞ ብር አያስፈልግም።

ያን ዕለት ካርታዬን መጣሌ ስህተት ነበር። ለምን ስህተት እንደሆነ ወደ ኋላ በቁጥር አሳያችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይዤ ብዙ ቆይቻለሁ፦ ያልጠበቅኩት ውርርድ ሲመጣ በምን ቅደም ተከተል ላስብ?

መጀመሪያ፦ ጨዋታውን ለማታውቁ

የምናወራው ስለ ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ ተሸፍኖ ይሰጠዋል። መሃል ላይ ለሁለቱም የሚያገለግሉ 5 ካርታዎች ይገለጣሉ፦ መጀመሪያ 3 በአንዴ፣ ይህ ፍሎፕ ይባላል፤ ቀጥሎ 1፣ ተርን፤ በመጨረሻ 1፣ ሪቨር። ከፍሎፕ በፊትና ከእያንዳንዱ መግለጥ በኋላ ውርርድ አለ። ቼክ ማለት ሳይወራረዱ ማለፍ ነው። ኮል የመጣውን ያህል መክፈል፣ ሬይዝ ከፍ ማድረግ፣ ፎልድ ደግሞ መጣል ነው። መሃል የተጠራቀመው ሁሉ ፖት ይባላል።

ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት አንድ ልዩ ደንብ አለ። ካርታ አዳዩ ትንሹን የግዴታ ውርርድ፣ ሌላው ትልቁን ያስገባል። በእኛ ጨዋታ 1 እና 2 ቆርኪ ነው። አዳዩ ከፍሎፕ በፊት ቀድሞ፣ ከፍሎፕ በኋላ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ይጫወታል። መጨረሻ መጫወት ትልቅ ጥቅም ነው፤ የተቃዋሚህን እርምጃ አይተህ ትወስናለህ።

ሌላም ልዩነት አለ። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ መጠበቅ ይቻላል። ሁለት ስትሆኑ ግን የግዴታው ውርርድ በየዙሩ ስለሚመጣ፣ ከተሰጣችሁ ካርታ አብዛኛውን መጫወት አለባችሁ። ተቃዋሚያችሁም እንደዚያው። ስለዚህ ድንገት የተገፋው ቆርኪ ከጀርባው ማንኛውም ካርታ ሊኖር ይችላል። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ደግሞ ፍሎፕ ላይ ጥንድ ወይም የተሻለ ነገር የሚያገኙት ከሶስት ጊዜ አንዴ ያህል ብቻ ነው። ይህን ቁጥር በደንብ ያዙት። ያስፈራችሁ ሰው ራሱ ከሶስት ሁለት ጊዜ ምንም አላገኘም።

ደረጃ 1፦ እጃችሁን አሳርፉ

ቀላል ይመስላል፤ ግን አብዛኛው ስህተት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሶስት ሰከንዶች ነው። ሰው ሲደነግጥ ወይ ይጥላል፣ ወይ እልህ ይዞት ይከፍላል። ሁለቱም ውሳኔ አይደሉም።

እኔ ሲኒዬን አነሳለሁ። አንድ ጊዜ ፉት እላለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ አስባለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህን የማደርገው ሲጨንቀኝ ብቻ ነበር። ጋሼ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ነቁብኝ። ሲኒ ካነሳሁ እጄ መካከለኛ መሆኑን አወቁ፤ ከዚያ በኋላ ሲኒ ባነሳሁ ቁጥር ጫና ይጨምሩብኝ ጀመር። አሁን በእያንዳንዱ ውሳኔ፣ ቀላልም ይሁን ከባድ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ እወስዳለሁ። የእናንተ ማሰቢያ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በልባችሁ እስከ 10 መቁጠርም ይበቃል። ዋናው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን።

ደረጃ 2፦ ዋጋውን አስሉ

ውርርድ ማለት ዋጋ ነው። «ይህን ያህል ከፍለሽ፣ ይህን ያህል የማግኘት ዕድል ግዢ» እየተባላችሁ ነው። ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ የምትከፍሉትን፣ ከከፈላችሁ በኋላ መሃል ላይ ለሚኖረው ጠቅላላ አካፍሉት።

ፖት 10 ሆኖ ተቃዋሚ 5 ቢያስገባ፣ እናንተ 5 ትጨምራላችሁ፣ ጠቅላላው 20 ይሆናል። 5 ለ20 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። ከአራት ጊዜ አንዴ ካሸነፋችሁ አልከሰራችሁም። ፖቱን ያህል፣ 10 ቢያስገባ 33 በመቶ ያስፈልጋችኋል። የፖቱን እጥፍ፣ 20 ቢያስገባ 40 በመቶ። የፖቱን ሲሶ ቢያስገባ 20 በመቶ ብቻ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የፖቱን አምስት እጥፍ ቢያስገባስ? 50 ከፍላችሁ ጠቅላላው 110 ነው፤ 45 በመቶ። ውርርዱ የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ የሚጠበቅባችሁ ዕድል 50 በመቶ አይደርስም። ይህን ከማወቄ በፊት፣ የቢራ ቆርኪ ተቆልሎ ሲመጣብኝ «ለዚህማ እርግጠኛ መሆን አለብኝ» እል ነበር። እርግጠኝነት ማንም አልጠየቀኝም። የተጠየቅኩት ከግማሽ በታች ነው።

የሚጠበቅባችሁን ካወቃችሁ፣ ያላችሁን ገምቱ። አንድ ካርታ ብቻ ቀርቶ፣ ያልታዩት ካርታዎች 46 ናቸው። አራት ልብ ይዛችሁ አምስተኛ ልብ የምትጠብቁ ከሆነ 9 ካርታ ይረዳችኋል፤ 9 ለ46፣ 20 በመቶ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ተከታታይ (ለምሳሌ 5፣ 6፣ 7፣ 8 ይዛችሁ አምስተኛውን ስትጠብቁ) 8 ካርታ አለው፤ 17 በመቶ ያህል። መሃሉ የጎደለ ተከታታይ (ለምሳሌ 5፣ 6፣ 8፣ 9) 4 ካርታ ብቻ ነው ያለው፤ ከ9 በመቶ ትንሽ ያነሰ። በቃል ለማስላት፣ የሚረዷችሁን ካርታዎች በ2 አባዙ። ሁለት ካርታ ከቀረና ሁለቱንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ የምታዩ ከሆነ በ4።

ደረጃ 3፦ የመጣውን ወደለመዳችሁት አታጠጋጉ

ለእኔ ከሁሉም በላይ ይህ ደረጃ ነው።

አብዛኞቻችን ጥቂት የውርርድ መጠኖችን እንለምዳለን። ግማሽ ፖት፣ ሙሉ ፖት። ከዚያ ውጭ የሆነ ነገር ሲመጣ «ያው ግማሽ ማለት ነው» ብለን በለመድነው መልስ እንመልሳለን። ፖቱ 20 ነው እንበል፣ ተርን ላይ ናችሁ፣ አምስተኛ ልብ እየጠበቃችሁ ነው። ተቃዋሚ 7 ቆርኪ አስገባ። ወደ ግማሽ ካጠጋጋችሁት 25 በመቶ ያስፈልገኛል ትላላችሁ፤ ያላችሁ 20 የማይሞላ ስለሆነ ትጥላላችሁ። እውነተኛው ዋጋ ግን 7 ለ34 ነው፤ 20.6 በመቶ። ካላችሁ ዕድል የሚበልጠው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ልቡ ከመጣላችሁ በኋላ ከተቃዋሚያችሁ 2 ቆርኪ ብቻ ተጨማሪ የምታገኙ ከሆነ መክፈሉ ያዋጣል። ሁለት ቆርኪ ደግሞ ማንም ይከፍላል።

በተቃራኒውም አለ። ፖቱ 20 ሆኖ 27 ቢመጣ «ያው ፖቱን ያህል ነው» ማለት ይቀናናል። ከከፈላችሁ መሃል ላይ 74 ይሆናል፤ እናንተ ግን በልባችሁ 60 ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ። ቀጣዩ ዙር ላይ ግማሽ ፖት 37 ነው። እናንተ 30 ብላችሁ አቅዳችኋል። ስህተቱ በየዙሩ እየተንከባለለ ያድጋል።

ይህ ነገር በዓለም ላይ ትልልቅ ማሽኖችን ፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክላውዲኮ የተባለ ፕሮግራም ሠርተው በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ከአራት ባለሙያ ተጫዋቾች ጋር አንድ ለአንድ አጫወቱት። 80,000 ዙር ተጫውቶ ተሸነፈ። አንድ ሁነኛ ድክመቱ ይኸው ነበር። ፕሮግራሙ ያጠናው የተወሰኑ የውርርድ መጠኖችን ነው፤ ያላጠናው መጠን ሲመጣበት ቅርብ ወደሆነው አጠጋግቶ ያስብ ነበር። መሃል ያለው ፖት ሌላ፣ እሱ በአእምሮው የያዘው ሌላ።

በ2017 መጀመሪያ ሊብራተስ መጣ። የሠሩት ቱማስ ሳንድሆልም እና ተማሪው ኖአም ብራውን ናቸው። በ20 ቀን ውስጥ ከአራት ባለሙያዎች ጋር 120,000 ዙር ተጫውቶ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ቺፕ (የመወራረጃ ጠጠር) በልጦ አሸነፈ። ከተርን ጀምሮ ተቃዋሚዎቹ እንግዳ መጠን ሲያስገቡበት ማጠጋጋቱን ትቶ፣ በዚያው በመጣው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የቀረውን ጨዋታ እዚያው እንደ አዲስ ያሰላ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቀን ጋሼ ያሉኝ ነገር ትዝ አለኝ። ካርታዬ አልተለወጠም። የተለወጠው ዋጋው ነው፤ ዋጋውን ደግሞ እንደ መጣው ማንበብ አለብኝ።

እኛ ሱፐር ኮምፒውተር የለንም። ግን 7ን 7፣ 27ን 27 ብሎ መጥራት እንችላለን። እኔ መጠኑን ድምፄን አውጥቼ እለዋለሁ፦ «27 በ20 ላይ።» ጋሼ አይቃወሙም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ራሳቸው ይነግሩኛል።

ደረጃ 4፦ «ለምን አሁን?» ብላችሁ ጠይቁ

አሞራ ገደል አሳ ልትገዙ ሄዳችሁ፣ ሻጩ ሳትጠይቁት ዋጋ ቢቀንስላችሁ መጀመሪያ የምታዩት ሰዓቱን ነው። ጠዋት ከሆነ አንድ ነገር ትጠረጥራላችሁ። አመሻሽ ከሆነ፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ አሞራዎች፣ ተሰብስበው አንጀት ሲሻሙ ከሆነ፣ ሰውየው ጨርሶ ሊሄድ ነው። ዋጋው ያው ነው፤ የመጣበት ሰዓት ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ውርርድም ያለ ታሪክ አይመጣም። ከፍሎፕ በፊት ምን አደረገ? ፍሎፕ ላይ ከፈለ ወይስ አለፈ? አሁን የመጣው ካርታ ማንን ይረዳል? ተቃዋሚያችሁ ጠንካራ እጅ ይዞ ቢሆን ኖሮ እስከ አሁን እንደዚህ ይጫወት ነበር? መልሱ «አዎ» ከሆነ ውርርዱን እመኑት። ታሪኩ መሃል ላይ ከተቆረጠ ግን ጠርጥሩ። ሁለት ዙር ሙሉ በዝምታ ሲከፍል ቆይቶ፣ ለማንም የማይረዳ የዳይመንድ 2 ሪቨር ላይ ሲወጣ ቁልሉን የሚገፋ ሰው አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ያ 2 ምን አደረገለት?

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። መገረማችሁ በራሱ ማስረጃ አይደለም። «አልጠበቅኩትም፣ ስለዚህ ጠንካራ ነው» ብሎ መደምደም የእኔ የድሮ ችግር ነው። አለመጠበቃችሁ ስለ እናንተ እንጂ ስለ ተቃዋሚያችሁ ካርታ ምንም አይናገርም።

ደረጃ 5፦ የድንገቴውን ዓይነት ለዩ

ከፍሎፕ በፊት ሬይዝ ያደረጋችሁት እናንተ ሆናችሁ፣ እሱ ፍሎፕ ላይ ቀድሞ ሲያስገባ ብዙ ሰው ይደናገጣል። የእኔ የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነበር። መሃል የነበሩት የስፔድ 7፣ የዳይመንድ 5 እና የአበባ 2 ናቸው። እኔ አስ እና ኩዊን አለኝ። ዋጋው 3 ለ16፤ 19 በመቶ ያህል። ሶስት አስና ሶስት ኩዊን ይቀራሉ፤ 6 ካርታ። ተርን ላይ ብቻ ከእነዚህ አንዱ የመምጣት ዕድሉ 13 በመቶ፣ እስከ ሪቨር ደግሞ 24 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ፣ ጋሼ ምንም ካላገኙ የእኔ አስ አሁኑኑ ሳይበልጥ አይቀርም። መክፈል ነበረብኝ፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። እንዲህ ያለ ትንሽ የቅድሚያ ውርርድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መካከለኛ ጥንድ ወይም የሚጠበቅ ነገር ይዞ፣ ትልቅ ውርርድ እንዳይመጣበት ዋጋውን ራሱ መወሰን ከሚፈልግ ሰው ነው። ስለዚህ ከመሃሉ የሚበልጥ ጥንድ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ሁለት 9፣ ሬይዝ አድርጉ። መካከለኛ ከሆናችሁ ክፈሉና ተርንን እዩ።

ኢምንት የሆነ ውርርድ ሲመጣ፣ ለምሳሌ በ20 ላይ 2፣ መጣል የሚባል ነገር እርሱት ማለት ይቻላል። 2 ለ24፣ 8.3 በመቶ ነው። መሃሉ የጎደለ ተከታታይ እንኳ፣ ያ አራት ካርታ ብቻ የሚረዳው፣ ተርን ላይ 8.7 በመቶ ስላለው ይከፍላል። ጠንካራ እጅ ካላችሁ ደግሞ በዚህ ዋጋ አትለፉ፤ ከፍ አድርጉ።

ፍሎፕ ላይ ቼክ ብሎ አሳልፎላችሁ፣ እናንተ ስታስገቡ መልሶ ከፍ ሲያደርግባችሁ ነገሩ ከበድ ይላል። ፖት 10፣ እናንተ 5፣ እሱ 20። መጨመር ያለባችሁ 15 ነው፤ ጠቅላላው 50፤ 30 በመቶ። ግን ገና ሁለት ዙር ውርርድ ስለሚቀር ይህ የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው። ከመሃሉ ትልቁን ካርታ የተጋራ ጥንድ ካላችሁ፣ ወይም ጥሩ የምትጠብቁት ነገር ካለ፣ ክፈሉ። ጥንድም የሚጠበቅም ከሌለ ጣሉ፤ አያሳፍርም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ትንሹ ጥንድ ነው። ቼክ ብሎ ካሳለፈልኝ አዳይዋ እኔ ነኝ፤ መጨረሻ ስለምጫወት አንዴ እከፍልበታለሁ፤ ተርን ላይ ሁለተኛ ውርርድ ሲመጣ እለቀዋለሁ።

ቆርኪው አልቆበት 20 ብቻ የቀረው ሰው ከፍሎፕ በፊት ሁሉንም ሲገፋ፣ ያው ዋጋ ብቻ ነው። እናንተ 4 አድርጋችሁ ከሆነ 16 ትጨምራላችሁ፤ ጠቅላላው 40፤ 40 በመቶ። ከዚህ በኋላ ውርርድ ስለሌለ ሌላ ስሌት የለም። ትንሽ ቆርኪ የቀረው ሰው ደግሞ በብዙ ዓይነት ካርታ ይገፋል። ማንኛውም ጥንድ፣ ማንኛውም አስ፣ ጥሩ ኪንግ ካላችሁ ክፈሉት።

ደረጃ 6፦ መንገዶቹን ቁጠሩ

ይህ የሚያስፈልገው ለትልቁ ድንገቴ ነው፦ ሪቨር ላይ የፖቱ እጥፍ። ጊዜ ወስዳችሁ አብራችሁኝ ቁጠሩ። አስቸጋሪ አይደለም።

እኔ አዳይ ነበርኩ፤ የአበባ ኪንግ እና የስፔድ ጃክ ይዣለሁ። ፍሎፕ፦ የልብ ኪንግ፣ የልብ 8፣ የአበባ 3። ተርን፦ የስፔድ 7። ሪቨር፦ የዳይመንድ 2። ፍሎፕ ላይ 5፣ ተርን ላይ 10 አስገባሁ፤ ጋሼ ሁለቱንም ዝም ብለው ከፈሉ። ፖቱ 40 ደረሰ። ከዚያ 2 ስትገለጥ፣ ጋሼ 16 የቢራ ቆርኪ በሁለት ረድፍ አስተካክለው ደርድረው ገፉ። 80።

ዋጋው፦ 80 ለ200፤ 40 በመቶ።

መሃል ያሉት አምስት ካርታዎች ተከታታይ አይሠሩም፤ አምስት ልብም የለም። ስለዚህ የሚያሸንፈኝ ሁለት ጥንድ፣ ሶስት አንድ ዓይነት፣ ሁለት አስ፣ ወይም ከጃክ የሚበልጥ አጃቢ ያለው ኪንግ ነው። ጋሼ ሁለት አስ ወይም አስና ኪንግ ቢይዙ ኖሮ ከፍሎፕ በፊት ከፍ ያደርጉ ነበር። በኪንግና ኩዊን የፖት እጥፍ አያስገቡም። ሁለት ልብ የተጋለጠበት ፍሎፕ ላይ ሁለት ጥንድ ወይም ሶስት አንድ ዓይነት ቢያገኙ ኖሮ ዝም ብለው አይከፍሉም፤ ከፍ ያደርጋሉ። ይህን ከብዙ እሁዶች አውቃለሁ። ስለዚህ የሚቀረው በኋላ የተሻሻለ እጅ ነው።

አሁን ቁጥሩ፤ ለቀላልነት ዋና ዋናዎቹን ብቻ። ሁለት 7፦ ከቀሩት ሶስት 7ዎች ሁለቱን መያዝ የሚቻለው በ3 መንገድ ነው። ኪንግና 7፦ አንዱ ኪንግ መሃል፣ አንዱ እኔ ጋ ስለሆነ 2 ኪንግ ይቀራል፤ በ3 ሲባዛ 6። ኪንግና 2፦ በተመሳሳይ 6። 8 እና 7፦ ሶስት በሶስት፣ 9። ድምር 24 መንገድ።

በሌላ በኩል፣ አምስተኛ ልብ ሲጠብቁ ቆይተው ያልመጣላቸው ከሆነስ? መሃል ከወጡት ሁለቱ ሌላ 11 ልብ አለ። ጥንድ የሚሆኑትን 7፣ 3 እና 2 ስናወጣ 8 ይቀራል፦ አስ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10፣ 9፣ 6፣ 5፣ 4። ከስምንት ሁለት መምረጥ የሚቻለው በ28 መንገድ ነው።

28 ባዶ፣ 24 ጠንካራ። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ «ባዶው ይበዛል፣ ልክፈል» እንዳትሉ። ጥያቄው ስንት ባዶ እጅ አለ የሚል ብቻ አይደለም። ከእነዚያ ውስጥ ጋሼ በስንቱ 80 ቆርኪ ይገፋሉ? 40 በመቶ እንዲሞላልኝ ከ24ቱ ጋር 16 ባዶ ያስፈልገኛል፤ 16 ለ40። ማለትም ከ28ቱ ከግማሽ በላይ በሆነው ማስፈራራት አለባቸው። ጋሼ ያስፈራራሉ፤ ግን ከግማሽ በላይ? አይመስለኝም። ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ካርታዬን ጣልኩ።

አንድ ረቂቅ ነገር ልብ በሉ። የእኔ ጃክ የስፔድ ሳይሆን የልብ ቢሆን ኖሮ፣ እሳቸው ሊይዙት የሚችሉት ልብ ወደ 7 ይወርዳል፤ ባዶው መንገድ ከ28 ወደ 21። መጣል ይበልጥ ግልጽ ይሆን ነበር። መሃል ከተገለጡት ሌላ፣ ተቃዋሚያችሁ ጋ እንደሌለ የምታውቁት እጃችሁ ላይ ያለውን ካርታ ብቻ ነው፤ ተጠቀሙበት።

እንዲያም ሆኖ ሁልጊዜ የምትጥሉ ከሆነ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። የፖቱን እጥፍ የሚያስፈራራ ሰው እንዳይከስር ከሶስት ሁለት ጊዜ መጣል አለባችሁ። ከዚያ በላይ ከጣላችሁ፣ ምንም ሳይይዝ ያተርፍባችኋል። ስለዚህ ለእጥፍ ውርርድ፣ ከያዛችሁት ውስጥ ምርጡን ሲሶ ያህል ክፈሉበት። ለሙሉ ፖት ግማሹን። ለግማሽ ፖት ከሶስት ሁለቱን። ይህ ስለማታውቁት ተቃዋሚ ነው። የምታውቁት ሰው ሲሆን፣ እንደ ጋሼ፣ ከዚህ ወጣ ማለት ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ማታ ወደ ዙሩ ተመለሱ

ሊብራተስ ቀን ቀን ይጫወት ነበር። ሌሊት ደግሞ ባለሙያዎቹ ያስገቡበትንና እሱ ያላጠናውን የውርርድ መጠን እየለየ፣ ለዚያ አዲስ መልስ ያሰላ ነበር። ጠዋት ሲመለሱ ያ ቀዳዳ ተደፍኗል።

እኔ ባለ 50 ቅጠል ደብተር አለኝ። ከበረንዳው ወርጄ ቤት ስገባ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ያልጠበቅኩትን ውርርድ ብቻ እጽፋለሁ። አራት ዓምድ ነው፦ መሃል የነበረው፣ የመጣው ውርርድ፣ እኔ ያደረግኩት፣ በመጨረሻ የታየው ካርታ። ዋጋውን ከጎኑ በእርሳስ እንደገና አሰላዋለሁ። በረንዳው ላይ ካሰላሁት ጋር ካልገጠመ አከብበዋለሁ። እንዲህ ስታደርጉ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ዓይነት ድንገቴ ደጋግሞ ሲመጣባችሁ ታያላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ድንገቴ አይባልም፣ መልስ አላችሁ።

ካርታው ካልታየ አራተኛውን ዓምድ ባዶ ተዉት። በግምት አትሙሉት፤ የተገመተ ነገር ከተጻፈ በኋላ እውነት ይመስላል። ጋሼ ያን ዕለት 3 ቆርኪ ሲገፉ ምን እንደያዙ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። የደብተሬ የመጀመሪያ መስመር ያ ዙር ነው፤ አራተኛው ዓምድ ባዶ ነው።